ወንዙ ለምን በእኛ በኩል ብቻ ይበላል?

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። እንዲህ የሚል ነበር።

የምኖረው አቃቂ፣ ትልቁ አቃቂ ወንዝ ዳር ነው። ግቢያችን ወንዙ የሚታጠፍበት ኩርባ ላይ ነው። ከሦስት ክረምት በፊት ከጓሮ አጥራችን እስከ አፋፉ ዘጠኝ ሜትር ነበር። ለክቼ በየሜትሩ የባህር ዛፍ ካስማ ቸከልኩ። ዛሬ የቀሩት አራት ናቸው። ከማዶ ግን መሬቱ አልተነካም፤ እንዲያውም የጨመረ ይመስላል። ወንዙ አንድ፣ ውሃው አንድ። ታዲያ ለምን በእኛ በኩል ብቻ ይበላል? ሌላም ያልገባኝ ነገር አለ። ባለፈው ነሐሴ የጎረቤታችን የብሎኬት አጥር የወደቀው ወንዙ በሞላበት ሌሊት አይደለም። በማግስቱ ነው፤ ፀሐይ ወጥታ፣ ውሃው ጎድሎ፣ ልጆች ሥሩ ሲጫወቱ ቆይተው ለምሳ ከገቡ በኋላ። እግዜር ነው ያተረፋቸው።

የጠየቅኩት ይህንን ነው። ሠላሳ መልስ መጣ፤ ቁጥር የምለው መልሶቹ የመጡበትን ተራ ነው። ከመሃል የሚገባው ሰው ሁሉ የተመለሰውን ደግሞ ስለሚጠይቅ፣ ከላይ እስከ ታች እኔው ልተርከው። ያልተስማማኝንም አልዘለልኩም።

ቁጥር 1 እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ ብሎ አለፈ። ቁጥር 2 ፎቶ ጠየቀ፤ ከአጥሩ ላይ ሆኜ አንስቼ ለጠፍኩ።

ቁጥር 3 ፎቶውን አይቶ መልሱን ያገኘ መሰለው። ነገሩ የምድር መሽከርከር ነው አለ። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ያለ ወንዝ ሁሉ ወደ ቀኙ ይገፋል፤ የእናንተም ግቢ በውሃው አካሄድ በስተቀኝ ነው፣ ስለዚህ ትበላላችሁ የሚል ነው። እኔ አምኜው ነበር።

ቁጥር 4 በትሕትና አረመችው። ፊዚክስ አስተማሪ ነች። የምድር መሽከርከር ወንዝን ይገፋል የሚለው ሐሳብ የቆየ መሆኑን አልካደችም። ግን ለእኛ ዓይነት ወንዝ ኃይሉ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም አለች። አዲስ አበባ ደግሞ ከምድር ወገብ ያለችው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቃ ስለሆነ የበለጠ ያንሳል። ማረጋገጥ ከፈለግክ ወደ ታች ወርደህ የሚቀጥለውን ኩርባ እይ፤ ወንዙ በተቃራኒው ሲታጠፍ የሚበላው ግራው ነው አለችኝ። በማግስቱ ሄድኩ። እውነቷን ነው። እዚያ የተቦረቦረው ግራው ነው፤ ቀኙ ላይ አሸዋ ተኝቷል።

ከዚያ ሻይ እንዳፈላ አዘዘችኝ። ይህንን ሁላችሁም ብትሞክሩት ደስ ይለኛል። ሻይ ቅጠሉ ሳይጠለል ብርጭቆ ውስጥ ይቀዳል። በማንኪያ በደንብ ይማሰልና ማንኪያው ይወጣል። ቅጠሉ የት ይሄዳል? እኔ ወደ ብርጭቆው ጠርዝ ነው አልኩ፤ ታክሲ ኩርባ ሲዞር ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ውጪ እንደሚጋደመው። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ ታያለች። ውሃው እየሰከነ ሲሄድ ቅጠሉ ከሥር ተሰብስቦ መሃል ላይ ትንሽ ቁልል ሠራ። ሦስት ጊዜ ማሰልነው፤ ሦስቱንም ጊዜ መሃል።

ምክንያቱን ቁጥር 4 በቀላሉ አስቀመጠችው። ከላይ ያለው ውሃ በፍጥነት ስለሚሽከረከር ወደ ጠርዝ ይሸሻል። ከሥር ያለው የብርጭቆው ወለል ስለሚጎትተው ይዘገያል፤ ስለዘገየም ወደ መሃል ይገፋል፣ ቅጠሉንም ይዞ ይሄዳል። ወንዝ ሲታጠፍም እንዲሁ ነው። የላይኛው ፈጣን ውሃ ከኩርባው ውጪ ያለውን ዳር እየመታ ሥሩን ይቦረቡራል። የታችኛው ዘገምተኛ ውሃ ደግሞ አሸዋውን እየጠረገ ወደ ኩርባው ውስጠኛ ዳር ይወስዳል። አንዱ ሲከሳ ሌላው የሚወፍረው ለዚህ ነው። ይህንኑ የሻይ ቅጠል ነገር ከወንዝ መጠማዘዝ ጋር አያይዞ አልበርት አይንስታይን በ1926 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጽፎበታል። የእናቴ ሻይና የእኛ ጓሮ አንድ ሥርዓት የሚገዛቸው መሆኑ እስካሁን ይደንቀኛል።

ቁጥር 5 አመስግኖ አንድ ነገር ጨመረ። ኩርባ አንዴ ከጀመረ ራሱን ያሳድጋል፤ ውጪው በተበላ ቁጥር መታጠፊያው ይሰፋል። በመጨረሻ ሁለት ኩርባዎች አንገት ለአንገት ሲገናኙ ወንዙ ቆርጦ ቀጥ ይላል፣ አሮጌው መንገድ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ቁጥር 6 ይህ በስንት ዓመት እንደሚሆን ጠየቀ። መልስ የሰጠው የለም።

ሁለተኛውን ጥያቄዬን የመለሰው ቁጥር 7 ነው፤ በኮንስትራክሽን የሚሠራ ሰው ነው። ወንዙ ሲሞላ ውሃው አፋፉ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፣ አፈሩ ይጠግባል፣ ይከብዳል። ግን እስከሞላ ድረስ ወንዙ ራሱ ከጎን ደግፎ ይይዘዋል። ውሃው በድንገት ሲጎድል ድጋፉ ይሄዳል፤ ክብደቱ ግን አፈሩ ውስጥ እንዳለ ነው። ሥሩ ደግሞ ሌሊቱን ሲቦረቦር አድሯል። ስለዚህ በፀሐይ ይወድቃል። የእኛ ጥቁር አፈር፣ ዋልካው፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከአፋፉ ጋር ጎን ለጎን ከሄደ የሚቆረሰው እዚያ ጋ ነው አለ። ሰው ጎርፉ ሲያልፍ አለፈልኝ ብሎ ይዝናናል፤ መጠንቀቅ ያለበት ግን ያኔ ነው። አባቶች ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚሉትን ከዚህ በላይ የሚያስረዳልኝ የለም።

ቁጥር 8 የማዶው ሰው ነው። በጣም ደነገጥኩ። ፎቶው ላይ የራሱን የቆርቆሮ ጣሪያ አይቶ ነው የጻፈው። ያልኩት እውነት መሆኑን መሰከረ፤ እሱ ዘንድ በሦስት ዓመት ውስጥ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት አሸዋማ ሜዳ ወጥቷል። ከየት እንደመጣ አስቦበት አያውቅም ነበር። የአንተ ጓሮ ከሆነ ይቅርታ አለኝ። ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል፣ የእሱ ጥፋት አይደለም። ቁጥር 9 ግን ወዲያው አረመን። ማዶ ያለው አሸዋ በአብዛኛው የእናንተ ሳይሆን ከላይኞቹ ኩርባዎች የመጣ ነው፤ የእናንተ የሚያርፈው ከታች ነው አለ። ቁጥር 10 አዲሱ መሬት የማን ይዞታ ይሆናል ብሎ ጠየቀና ለጥቂት ጊዜ ነገሩ ወደ ካርታና ሊዝ ዞረ። እዚያ ላይ የተባለው ብዙ አይረባም፤ ልለፈው።

ከቁጥር 11 ጀምሮ አነጋገሩ ጠነከረ። ቁጥር 11 ወንዙ አልመጣባችሁም፣ እናንተ ናችሁ የሄዳችሁበት አለን። ውሃ መንገዱን አይረሳም፤ ወንዝ ዳር ቤት የሠራ ሰው ማልቀስ የለበትም የሚል ነው። ቁጥር 12 ተቆጣች። የከተማ ዳር ሰው ቦታ አማርጦ አይደለም ወንዝ ዳር የሚገባው፤ አቅሙ የቻለው እሱን ስለሆነ ነው አለች። ደግሞስ ከላይ ያላችሁት ግቢያችሁን በሙሉ ኮንክሪት አድርጋችሁ፣ ውሃውን በቱቦ ወደ ወንዙ ለቅቃችሁ፣ እኛን ለምን እዚያ ኖራችሁ ትላላችሁ ብላ ጠየቀች። ቃሏ ስለታም ነበር፤ አልወቅሳትም። ቁጥር 11 ያለው ግማሹ እውነት ነው፣ እኔም አልክድም። እሷ ያለችው ግን ሲቆጠር የሚታይ ነገር ነው።

ቆጣሪው ቁጥር 13 ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት አንድ ሊትር ውሃ ነው። መቶ ካሬ ጣሪያ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,000 ሊትር ይሆናል፤ አንድ ባለ ሦስት ሺህ ሮቶ ሞላ ማለት ነው። ያ ቦታ ሣር በነበረበት ጊዜ ብዙው ይሰርጋል፣ ሌላው ቀስ እያለ ይወርዳል። አሁን ሁሉም በአንድ ጊዜ ቦዩ ውስጥ ይገባል። በዓመት የሚዘንበው አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ወንዙ የሚሞላበት ሰዓት ይፈጥናል፣ ሙላቱም ከፍ ይላል አለ። ጨምሮም፣ የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሊያንከባልል የሚችለው ድንጋይ ክብደት 64 እጥፍ ይሆናል አለ።

ቁጥር 14 ቁጥሩን ሳይነካ ቦታውን አስተካከለ። የ64 እጥፉ ስሌት ወንዝ ውስጥ ለተቀመጠ ልቅ ድንጋይ ነው፣ ለዋልካ አይሠራም አለ። ዋልካ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ለመላቀቅ ከአሸዋ ይልቅ ያስቸግራል። አንዴ ከተላቀቀ ግን ቶሎ አይዘቅጥም፤ ውሃው እስኪረጋ ድረስ ይሄዳል። በክረምት አቃቂ እንደ ጠላ ደፍርሶ የሚወርደው ለዚህ ነው። ቁጥር 13 ተቀበለው። መከራከር ከነበረብን እንደዚህ ነበር።

እዚህ ላይ እኔ ገብቼ አፈሬ የት እንደሚደርስ ጠየቅኩ። ቁጥር 15 አንድ አባት ናቸው፤ ከእንጦጦ ጀምረው ነው የመለሱልኝ። እንጦጦ አናት ላይ በደቡብ በኩል የወረደ ጠብታ በጅረቶቹ አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ጥቂት እርምጃ በስተሰሜን የወረደው ደግሞ በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ ሙገር ይገባል፤ ሙገር ዓባይ ይገባል፤ ዓባይም ሜዲትራኒያን ባሕር ድረስ ይወስደዋል። የእኛው ጠብታ ግን ባሕር አያይም። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል፤ እዚያ የሚወስደው ፀሐይ ነው፣ ጨዉ ይቀራል። እኚህ አባት ወጣት ሳሉ በዚያ ጋራ እንጨት ተሸክመው ይወርዱ እንደነበርና በዝናብ መሃል ቆመው የትኛው ጠብታ ወዴት እንደሚሄድ ያስቡ እንደነበር ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲመጣ ወደ ሰሜን ሳላይ አልቀርም።

አፈሩን በተመለከተ ቁጥር 16 ቀጥታ መለሰ። ጓሮህ አባ ሳሙኤል ነው ያለው አለኝ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የሚገቡበት ግድብ፣ በአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ የተጀመረ ነው። ደለል ሞልቶት፣ ሥራ አቁሞ ለአሥርት ዓመታት ከተቀመጠ በኋላ ነው በቻይና ድጋፍ የታደሰው። ምክንያቱን ማወቅ ቀላል ነው። ውሃ ሲሮጥ ይሸከማል፣ ሲቆም ያወርዳል። ግድብ ማለት ደግሞ ውሃን ማቆም ነው። ቁጥር 17 የቆቃ ግድብም ከ1952 ጀምሮ ይኸው ችግር እንዳለበት አስታወሰ።

ከዚያ ውይይቱ ከመስመር ወጣ። ቁጥር 18 በዚህ ውሃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ይበላል ወይ ብሎ ጠየቀ። የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ወንዙ ውስጥ እንደሚገባ የማያውቅ የለም፤ የተሰጠው መልስ ግን ጭቅጭቅ ሆነ። ቁጥር 19 በልጅነቱ ቀበና ወንዝ ይዋኝ እንደነበር ጻፈ። ቁጥር 20 ሁሉንም ያጠፋው ባህር ዛፍ ነው አለች፤ ቁጥር 21 ደግሞ በምኒልክ ዘመን ባህር ዛፍ ባይመጣ ከተማዋ በማገዶ እጦት ትፈርስ ነበር አለ። ቁጥር 22 ከዓባይ ሸለቆ ጀምሮ እስከ ሕዳሴ ግድብ ደለል ደረሰ። እሱ እንኳ ደስ የሚል ነበር። ዓባይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሆነውን ገደል የቆፈረው ደጋው ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር ወንዙም እየሰነጠቀ ስለወረደ ነው፤ ያ ሁሉ የተቆፈረ አፈር የት ሄደ ካላችሁ ግብፅን እዩ አለ። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ ለካ አገርም ይዞ ይዞራል።

ወደ ነገሩ የመለሰን ቁጥር 23 ነው። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው። የከተማው ወንዝ ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ እንደሆነ፣ ሰው በላዩ እንደሚሻገር፣ ገበያ እንደሚቆምበት ጻፈ። ሐምሌ መጨረሻ 1998 ሌሊት ደራሽ ውሃ መጣ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ዋናው ዝናብ የዘነበው ከተማው ላይ ሳይሆን ከላይ፣ ደጋው ላይ ነበር። የተኛ ሰው ሰማዩን አይቶ ሊያውቅ አይችልም። ከሱ በኋላ ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም።

ቁጥር 24 ጋቢዮን አስሩ አለ፤ ሽቦና ድንጋይ፣ ጨረሰ። ቁጥር 25፣ ያው የኮንስትራክሽኑ ሰው፣ ተቃወመ። ጋቢዮን ጥሩ ነው፣ ግን እግሩ ወንዙ ከሚቦረቡረው ጥልቀት በታች ካልገባ ራሱ ተገልብጦ ይወድቃል። ጫፎቹም ከአፋፉ ጋር በደንብ ካልተያያዙ ውሃው ከጀርባው ይገባል። አንድ ሰው ለብቻው ከሠራው ደግሞ ኃይሉን ወደሚቀጥለው ጎረቤት ያሸጋግረዋል አለ። ቁጥር 24 እንግዲያው ቁጭ ብላችሁ ተበሉ ብሎ መለሰ። ይህ ቃል አስከፋኝ፤ ጽፌም ነገርኩት። ቁጥር 26 አዋሳኞች ተሰብስበው አንድ ላይ እንዲሠሩ፣ እስከዚያው ዝሆኔ ሣርና ቀርከሃ እንድንተክል መከረች። ቁጥር 27 ሥር የሚይዘው የላይኛውን አፈር ብቻ ነው፣ ወንዙ ከሥሩ በታች ከቆረጠ ዛፉም አብሮ ይሄዳል ብሎ አስጠነቀቀ። ሁለቱም ልክ ናቸው። የማዶው ሰው በቁጥር 28 የዝሆኔ ሣር ግንድ ቆርጦ እንደሚሰጠኝ ጻፈ። እሁድ በድልድዩ ዞሮ አመጣልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨባበጥን። ከእናቴ ጋር ሻይ ጠጣ፤ እሷም ቅጠሉን አሳየችው።

ቁጥር 29 ከለገጣፎ የምትኖር ልጅ ናት። የድሬዳዋውን ካነበበች በኋላ እንቅልፍ አጥታለች። የእነሱ ሰፈር ውሃ ወደ ትልቁ አቃቂ እንደሚወርድ ያወቀችው ከዚህ ውይይት ነው። ከባድ ዝናብ በያዘ ቁጥር ሰዓቱን እዚህ ልጻፍላችሁ አለች። እኔ ደግሞ እኛ ጋ የሚደርስበትን ሰዓት እጽፋለሁ አልኳት።

ቁጥር 30 የእሷው ነው። ሐምሌ 9 ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ። እኛ ዘንድ ጠብታ አልነበረም፤ ምዕራብ በኩል ጀምበር ትታይ ነበር። ዣንጥላዬን እንኳ ሳልይዝ ጓሮ ወጥቼ ቆምኩ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ የወንዙ ድምፅ ተለወጠ። መጀመሪያ የተሰማኝ ውሃው ሳይሆን ከሥር ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ነው። ቀጥሎ ጭቃ ጭቃ የሚል ሽታ መጣ። ከዚያ አረፋ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አንድ ሙሉ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ፈጅቶበታል።

ቁጥር 31 የእኔ ነው፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የጻፍኩት። ሌሊቱን ማንም አልተነካም። ጠዋት ፀሐይ ወጣ፣ ውሃው ጎደለ። የጎረቤቶችን በር አንኳኩቼ ልጆቹ እስከ ማታ ወደ ጓሮ እንዳይወጡ ለመንኩ። 7 ሰዓት ላይ ከአፋፉ አንድ ቁራሽ እንደ ዳቦ ተገምሶ ወረደ። አራተኛው ካስማ አብሮ ሄደ። ልጆቹ ቤት ነበሩ።